የእናትነሽን አንባቢ ያጠፋሁበት ሰኞ

በዚያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ የነበረችኝ ሱቅ ባለ አንድ በር ነበረች። በሯ ትንሽ ብትሆንም ከላይዋ የሰቀልኩት ማስታወቂያ ግን ትልቅ ነበር። «ማንኛውም ኮምፒውተር ይጠገናል» ይላል። «ማንኛውም» የምትለዋን ቃል በቀይ ነው ያስጻፍኳት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ የማውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነበር፤ ፎርማት። ተንቀራፈፈ? ፎርማት። ቫይረስ ገባው? ፎርማት። ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን ረሳው? ፎርማት። ሁሉንም ጠርጎ እንደገና መጫን ነው። ባለቤቱ መርቆኝ ይሄዳል፤ እኔም ዕቃው ምን ነክቶት እንደነበር ሳላውቅ ስሜ ይገናል። ዕድሜዬ ሠላሳ አንድ ነበር። ይበልጣል እባላለሁ፤ ከእኔ የሚበልጥ ባለሙያ በከተማው አለ ቢሉኝ ግን አላምንም ነበር።

እናትነሽ የመጣችው ሐሙስ ዕለት ነው፣ ሰኔ አምስት ቀን። ቀኑን ለምን እንደማልረሳው ትደርሱበታላችሁ። አባቷ አያ ዘለቀ ክንዷን ይዘው ከማንኩሳ አመጧት። እናትነሽ በሕፃንነቷ ኩፍኝ ዓይኗን የወሰደባት፣ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሕግ ተምራ የተመረቀች ሴት ናት። ከእኔ ሁለት ሦስት ዓመት ብታንስ ነው። በፎጣ የጠቀለለችውን ላፕቶፕ ጠረጴዛዬን በእጇ ዳብሳ አስቀመጠችው።

«እንደምን ዋልህ ወንድምዓለም» አለች፤ ስሙን የማያውቁትን ወንድ በእኛ አገር በአክብሮት እንዲህ ነው የሚጠሩት። «ሰዓቱ እየዘገየብኝ ነው። ዛሬ አሥር ደቂቃ፣ ነገ ግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ማክሰኞ ቡሬ ፈተና አለብኝ፤ ፈተና ላይ ሰዓት የምጠይቀው እሱን ነው።»

ከፈትኩት። የሚሠራበት ሥርዓት የለመድኩት ዊንዶውስ አልነበረም፤ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ነበር። ሊኑክስን እንደ ሩቅ ዘመድ በስም ብቻ ነው የማውቀው። ዩኒቨርሲቲ ሳለች ዓይነ ስውራንን የሚረዱ ሰዎች ናቸው የሰጧት። ውስጡ አንባቢ የሚባል ፕሮግራም አለው። ማሽኑ ተነሥቶ የአንባቢው ቁልፍ ሲነካ በሴት ድምፅ አማርኛ ይናገራል፤ በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ አንድ በአንድ ያነብላታል። ያን ዕለት ሱቄ ውስጥ የአንድ ደብዳቤ መጀመሪያ ሲያነብላት ሰማሁ። ጥርት ያለ ድምፅ ነበር።

የፈተናውን ነገር ያኔ ነው የነገረችኝ። ቡሬ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት የሕግ ባለሙያ ይቀጥራል። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ተፈትና ሰው አንባቢ መድበውላት ነበር፤ ሰውዬው ጥያቄውን እየዋጠ፣ አንዳንዱን እየዘለለ አነበበላትና ወደቀች። አሁን ግን ሦስት ጊዜ ቡሬ ተመላልሳ፣ ማመልከቻ ጽፋ፣ በራሷ ማሽን እንድትፈተን አስፈቀደች። ጥያቄውን በፍላሽ ይሰጧታል፤ ማሽኗ ያነብላታል፤ እሷ መልሱን ትጽፋለች።

«በሰው አፍ አንብቤ አልወድቅም ከእንግዲህ» አለች። «ብወድቅም በራሴ ልውደቅ።»

ችግሩ ቀላል ነበር። ማሽኑ ውስጥ ሰዓት የምትጠብቅ ክብ ትንሽ ባትሪ አለች፤ እሷ ደክማ ነው። አወጣኋት፣ አዲስ አስገባሁ። ባትሪዋ ስትወጣ ግን ማሽኑ ቀኑን ሁሉ ስለሚረሳ፣ ሲነሣ በባዶ ስክሪን ላይ ወር፣ ቀንና ዓመት በቁጥር ሙላልኝ ይላል። ያን ሰዓት አንድ ደንበኛ ፎቶ ኮፒ ቶሎ በል እያለ ይጨቀጭቀኛል፣ ስልኬን በትከሻዬና በጆሮዬ መሀል ይዤ ከባሕር ዳር ዕቃ አዛለሁ።

«ዛሬ ስንት ነው?» አልኩ ቀና ሳልል።

«ሰኔ አምስት» አለች እናትነሽ።

ሰኔ አሥረኛ ወር ነው፤ አሥር ብዬ መታሁ። አምስት ብዬ መታሁ። ዓመተ ምሕረቱንም ደረሰኝ ላይ እንደምጽፈው አድርጌ ጨመርኩና አስቀመጥኩት። ወዲያው መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪም ያለቀለት ስለነበረ አብሮ ጠፋ።

«ተስተካክሏል፣ ውሰጂው» አልኳት። አንባቢውን ከፍቼ አላየሁትም።

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ስከፍት አባትና ልጅ ደጃፉ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ዝናቡ ሌሊቱን ስላደረ አያ ዘለቀ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። ማንኩሳ መብራት ጠፍቶ ሰንብቶ እሑድ ነው የመጣው፤ እናትነሽም ማሽኑን ያኔ ከፈተችው። ዝም አላት።

«ሁልጊዜ ቁልፉን ስነካው ይናገር ነበር» አለች። ድምፅዋ ለመረጋጋት ይሞክራል። «ትናንት ግን አንዲት ቃል የለችም። ዘግቼ ከፈትኩ። ደግሜ ነካሁ። ሞቶ ይሆን ብዬ እጄን ባስቀምጥበት ይሞቃል፤ ማራገቢያው ይዞራል። ብቻ አይናገርም። ፈተናው ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ነው።»

«ግዴለም፣ እናየዋለን» አልኩ።

አያ ዘለቀ ዱላቸውን ተደግፈው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አየህ ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ ውሃውን ከጥሩ ነው የሚባለው። እኛ ሐሙስ ዕለት ከዚህ ስንነሣ፣ መኪናው እስኪሞላ ቆይቶብን፣ ከዚያ የመንገዱ ነገር አንተም ታውቀዋለህ፣ ማንኩሳ ስንደርስ መሽቶ፣ እናቷ ዕቃውን ተቀብላ ሣጥን ላይ...»

«አያ ዘለቀ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» ብዬ አቋረጥኳቸው፤ «ጊዜ የለንም። አረፍ ይበሉ፣ እኔ ልሥራ።»

አንገታቸውን ሰበር አድርገው «ማለፊያ» አሉና በሩ አጠገብ ያለችው ዱካ ላይ ተቀመጡ። የጎጃም ሽማግሌ ነገሩን ዞሮ ዞሮ ነው የሚያመጣው፤ ፍሬው ከጭራው ነው። ይህን እያወቅሁ ነው ያቋረጥኳቸው።

ማሽኑን አስነሣሁት። አነሣሡ ደኅና ነው። የአንባቢውን ምልክት ስነካው አንዲት ትንሽ ክብ ነገር ብቅ ትልና ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ከዚያ ትጠፋለች። ምንም አይከፈትም። የስሕተት መልእክት የለ፣ ድምፅ የለ። ደግሜ ነካሁ፤ ያው ነው። ሌሎቹን ሞከርኩ፤ መጻፊያው ይከፈታል፣ ሙዚቃው ይከፈታል፣ ድምፅ ማጉያውም ይሠራል። አንባቢው ብቻ ነው እምቢ ያለው። አጥፍቼ አስነሣሁ። ደግሜ አጠፋሁ፣ ደግሜ አስነሣሁ። ቀኑን ልይ ብዬ የስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ቁጥር አየሁ፤ ዘጠኝ ይላል። ሰኔ ዘጠኝ ነው፤ ልክ ነው፤ የእኔ ሥራ ደኅና ነው ብዬ ተጽናናሁ።

እናትነሽ ጣቶቼ ሲመላለሱ እያዳመጠች ቆየችና «ወንድምዓለም፣ አንድ ነገር ልበልህ? አላውቅም፣ እንዲያው ከሰማሁት ነው» አለች።

«በይ እስቲ።»

«ማሽኑን የሰጠኝ ሰውዬ ያለኝ አለ። አልከፈት ካለሽ ጥቁሩን መስኮት ክፈቺና ስሙን ጽፈሽ ጥሪው፤ ያመመውን በጽሑፍ ይናገራል ብሎኝ ነበር።»

ጥቁሩ መስኮት ያለችው ትእዛዝ የሚጻፍበትን ነው። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው በዚያ ሱቅ ውስጥ ያን ዕለት ከተነገረው ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር ያ ነበር። ግን አንዲት የሕግ ተመራቂ፣ ያውም ስክሪን አይታ የማታውቅ፣ እኔን በሙያዬ ልታስተምረኝ ነው የሚል እብሪት መጣብኝ። ደግሞም በሊኑክስ ጥቁሩ መስኮት የት እንዳለ እንኳ አላውቅም፤ አላውቅም ለማለት ደግሞ አፈርኩ።

«አውቃለሁ፣ እሱንማ አየሁት» አልኳት። አላየሁትም።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ደንበኞች መጥተው ሄዱ። እኔ ያቺን ምልክት ስነካ፣ ያቺ ክብ ስትዞር ስትጠፋ ዋልን። በመጨረሻ ወደማውቀው መድኃኒት ተመለስኩ።

«ፕሮግራሙ ተበላሽቷል» አልኩ። «አጠፋውና እንደገና እጭነዋለሁ።»

እናትነሽ እጇን ዘርግታ የላፕቶፑን ጠርዝ ያዘች። ቀጭን እጅ ናት፣ ጥፍሯ አጠር ብሎ የተቆረጠ።

«ብታጠፋው ይመለሳል?»

«ምን ችግር አለው፣ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።»

«ቁልፉስ? ሰውዬው ሲያስገባው ይህ የፈቃድ ቁልፍ የሚሉት ምስጢር ቁጥር ላንቺ ማሽን ብቻ ነው የመጣው፣ ያለ እሱ ፕሮግራሙ አይሠራም፣ ሁለተኛ አይሰጥም ብሎኛል።»

ስለ ቁልፉ የማውቀው ነገር አልነበረም። «ቁልፉ አብሮ ይቀመጣል፣ አታስቢ» አልኳት።

ከዚያ እጇን አነሣች። እኔ ያን እጅ መነሣት እስከ ዛሬ አያለሁ። ስላመነችኝ ነው ያነሣችው።

አጠፋሁት። «ከነ ሁሉ ነገሩ ይጥፋ?» ብሎ ማሽኑ ጠየቀኝ፤ የለመድኩት ሙልጭ አድርጎ መጥረግ ነውና አዎ አልኩት።

አሁን መጫን ነው። ለመጫን ኔትዎርክ ያስፈልጋል፤ ኔትዎርክ ደግሞ እኛ አገር እንደ እንግዳ ነው፣ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲሄድ አይሰናበትም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅን። አያ ዘለቀ ምሳ እንዲበሉ ብለምናቸው የሐዋርያት ጾም ነው፣ ገና ነው አሉኝ። እናትነሽ የሕግ ቁጥሮችን በቃሏ እየደገመች ጣቶቿን ትቆጥራለች። ዘጠኝ ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ፤ ኔትዎርክ መጣ። ስልኬን ከላፕቶፑ አገናኘሁ። እንግዲህ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ጥቁሩን መስኮት ፈልጌ አገኘሁና የመጫኛውን ትእዛዝ ከስልኬ ላይ እያየሁ ጻፍኩ።

እምቢ አለኝ። በእንግሊዝኛ የመለሰልኝ ነገር እንዲህ ነው፤ ልታወርደው የፈለግከው ገና ጊዜው አልደረሰም፣ የሚጸናው ከሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሰባት ቀን በኋላ ነው።

ሳቅሁ። «ይህ ዕቃ አብዷል» አልኩ። «ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ቀን ጠብቅ ይለኛል!»

«ስንት?» አለች እናትነሽ።

«ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሰባት።»

«ምን ያህል ዓመት ይሆናል እሱ?»

«እንጃ፣ ምን ይደረግበታል» አልኩና ደግሜ ጻፍኩ። ደግሞ እምቢ አለኝ። ማካፈል ያቃተው የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ አይደለሁም፤ ስልኬ ላይ ማስያ አለ፤ ብቻ መልእክት አንብቦ ማሰብ ሥራዬ አልነበረም። አሥር ጊዜ ያህል ሞከርኩ። ከዚያ ኔትዎርኩም ሄደ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል አያ ዘለቀ ተነሡ። ከዚያ በላይ ቢቆዩ ወደ ማንኩሳ መኪና አያገኙም፤ መንገዱም እንደ ድሮው አይደለም።

«እንግዲህ ልጄ» አሉኝ፣ «እኛ ትንሽ ሰዎች ነን። በሬዬን በሰው እጅ ጥዬ ነው የመጣሁት። እሷ ግን ለዚህ ነገር ዓመት ሙሉ ነው የዋለችው ያደረችው።»

«ማሽኑን ተዉልኝ» አልኳቸው። «ነገ ጠዋት በቡሬ ሚኒባስ ስመጣ ማንኩሳ ላይ ተሳፈሩ። ሠርቼ አመጣዋለሁ።»

እናትነሽ ፊቷን ወደ ድምፄ አዞረች። «እንቅልፍ ልናሳጣህ ነው። እግዜር ይስጥልኝ ወንድምዓለም።»

እንዴት እንዳደርኩ ልተወው፤ ምንም አልሠራሁም። ቢሆንም ጠዋት ላፕቶፑን በፎጣው ጠቅልዬ ሚኒባሱ ላይ ወጣሁ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። ለመቅረት ድፍረት አጥቼ ይመስለኛል።

ማንኩሳ ላይ ዝናብ ያካፋል። አባትና ልጅ ከመንገዱ ዳር ቆመው ነበር። እናትነሽ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ፣ ፀጉሯን አዲስ ተሠርታለች። ገብታ ከጎኔ እንደተቀመጠች ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«ተናገረ?»

«ቡሬ ስንደርስ» አልኳት። «ኔትዎርክ እዚያ ይሻላል።»

ፈገግ አለች። ቡሬ እስክንደርስ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ያ ፈገግታ ከፊቷ ላይ አልጠፋም፤ እኔ ግን በመስኮት ወደ ውጭ፣ አረም ወደሚታረምበት በቆሎ እያየሁ ዘለቅሁ።

መሥሪያ ቤቱ ስንደርስ ሁለት ሰዓት ተኩል አልፏል። ተፈታኞች በረንዳው ላይ ተሰልፈዋል። እናትነሽ ደብዳቤዋን ይዛ ሰልፉ ውስጥ ቆመች፤ እኔ መስኮት ደፍ ላይ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ኔትዎርክ ነበረ። ትእዛዙን ጻፍኩ። ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሰባት ቀን አለኝ ደግሞ።

ቀና ስል ከፊቴ ግድግዳው ላይ የፈተናው ማስታወቂያ ተለጥፏል። ከላይ ሰኔ 10 ይላል። ከሥሩ በትንሽ ጽሑፍ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጁን 17 ይላል፤ ዓመቱም ከእኛው በስምንት ይበልጣል።

ስልኬን አውጥቼ ቁጥሩን ለሦስት መቶ ስልሳ አምስት አካፈልኩ። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ሆነ።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ኮምፒውተር በፈረንጅ ዘመን ነው የሚቆጥረው። እኔ ሐሙስ ዕለት የእኛን ወር፣ የእኛን ቀን፣ የእኛን ዓመት ነበር ያስገባሁለት። አሥረኛውን ወር እኔ ሰኔ ነው ስል፣ እሱ የእነሱን ኦክቶበር ነው አለ፤ ዓመቱን ሲያይ ደግሞ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ ተመለሰ። ከኔትዎርክ ቀኑን ራሱ እንዳያርም ደግሞ የሰጧት ሰዎች ገጠር ኔትዎርክ የለም ብለው ያንን ቀድመው ዘግተውት ነበር። ሰኞ ሙሉ ጥግ ላይ ያየሁት ዘጠኝ ቁጥር ልክ የመሰለኝ፣ ወርና ዓመት ሳያሳይ ከሐሙሱ አምስት አራት ቀን ቆጥሮ ዘጠኝ ስላለ ነው።

ቀኑን አስተካከልኩት። ትእዛዙን ጻፍኩ። አሁን መጫን ጀመረ! ከደቂቃዎች በኋላ አለቀ፤ አንባቢውን ጠራሁት፤ ተከፈተ። ከዚያ የፈቃድ ቁልፍ አስገባ የሚል ሳጥን ወጣ።

ቁልፉን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሰኞ፣ ከነ ሁሉ ነገሩ። ማኅደሮቹን ሁሉ በረበርኩ። ቁልፉን አላገኘሁም። ያገኘሁት አንባቢው እምቢ ባለ ቁጥር ምክንያቱን የሚጽፍበትን አንድ መዝገብ ነው፤ እሱ ሳይጠፋ ቀርቷል። ከፈትኩት። «የፈቃዱ መጀመሪያ ቀን ገና አልደረሰም፤ የማሽኑን ቀን ይመልከቱ» ይላል። ሰኞ የነካሁትን ያህል ይኸው መሥመር ተደርድሯል። ከዚያ በላይ የእሑድ አለ፤ አሥራ አንድ ጊዜ። እናትነሽ እሑድ አሥራ አንድ ጊዜ ነክታዋለች፤ እሱም አሥራ አንድ ጊዜ መልሶላታል፣ ማንበብ ለማትችል ሴት በጽሑፍ።

ሰኞ ጠዋት ስሙን በጥቁሩ መስኮት ጽፌ ብጠራው ኖሮ ይህችን አንዲት መሥመር አነባት ነበር። ቀኑን አስተካክዬ በአምስት ደቂቃ እሸኛቸው ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ ስሟ ተጠራ። ፈታኟ መልካም ሴት ነበረች፤ ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ላፕቶፑን አየች፣ እኔን አየች።

«እህቴ፣ በማመልከቻሽ ሰው አንባቢ አልፈልግም ብለሻል» አለቻት። «አሁን ሰው ልመድብ ብል ቀድሞ መታወቅ ነበረበት። በእጄ ላይ ሰው የለም።»

«እኔ ላንብብላት» አልኩ። «እባክሽ።»

«ከውጭ የመጣ ሰው አዳራሽ አይገባም ወንድሜ። ሕጉ የእኔ አይደለም።»

አያ ዘለቀ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሡ። «የእኔ እመቤት፣ ዛሬ ቢያልፍ ነገስ...»

«ነገ የለም አባቴ» አለች ፈታኟ። ዓይኗ እንባ ሞላ። በሩ ተዘጋ።

በረንዳው ላይ ሦስታችን ቀረን። ከውስጥ ወረቀት ሲታደል ይሰማል። እናትነሽ አላለቀሰችም። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመችና «ምን ነበር ያመመው?» አለችኝ።

«ቀኑ ነው።»

«የቱ ቀን?»

«ሐሙስ የገባው። ተሳስቶ ነው የገባው።»

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ቀኖችን እየቆጠረች ነው። «ቀኑን የነገርኩህ እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «ዛሬ ስንት ነው ስትለኝ ሰኔ አምስት አልኩህ። ተሳስቼ ነው ማለት ነው?»

አሁን እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የእኔ ገጠመኝ። ፕሮግራሙ ያልተከፈተበት አይደለም፣ ያጠፋሁበትም አይደለም። ልክ ነሽ፣ ሰኔ አምስት ነበር፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። አያ ዘለቀ ያዩኛል። ማስታወቂያዬ፣ ቀዩ ቃል፣ ስሜ፣ ሁሉም በአንዴ መጡብኝ። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አለች እናትነሽ፣ ለራሷ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ያጽናናችኝ እሷ ነበረች። «አንተ ምን ታደርግ ወንድምዓለም። ሥራህን ፈትተህ ቡሬ ድረስ ተንከራተትክ። እኔው በገዛ አፌ ነው ያበላሸሁት።» ማንኩሳ ላይ ወርደው፣ ላፕቶፑን በፎጣው ታቅፋ፣ በአባቷ ክንድ ጭቃውን ስትሻገር አየኋት።

የሰጧትን ሰዎች ፈለግሁ። ስልካቸው አይሠራም፤ ሰውዬውም አገር ለቋል ተባልኩ። ሥራው በሌላ ሰው ተያዘ። መስከረም ላይ ያለ ቁልፍ የሚሠራ ሌላ ድምፅ በፍላሽ ይዤ ማንኩሳ ወረድኩና ጫንኩላት። እንደ ፈረንጅ እየተኮላተፈ፣ ፊደሉን እያፈራረሰ ነው የሚያነበው፤ ቃሉ አይለይም። ሁለት መሥመር ሰማችና ክዳኑን በቀስታ ዘጋችው። ያን ዕለት ልነግራት ነበር የሄድኩት። አንዲት ጎረቤት ቁጭ ብላ ነበርና እናትነሽ እኔን ስታስተዋውቃት «ያልኩሽ ሰው እሱ ነው፤ ቀኑን ተሳስቼ ነግሬው የደከመልኝ» አለች። ዛሬም አልነገርኳትም።

አያ ዘለቀ እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። መኪና ስንጠብቅ «አያ ዘለቀ፣ ያን ሰኞ ነገሩን ከሥሩ ብለው ጀምረው ያቋረጥኩዎት ምን ሊሉኝ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እህ፣ እሱማ ትንሽ ነገር ናት» አሉ፣ መንገዱን እያዩ። «ሐሙስ ከአንተ እጅ ከወጣ ወዲህ ማንም አልነካውም ልልህ ነበር።»

መኪናው ሲመጣ መርቀው ሸኙኝ። የሚያውቁ ይመስለኛል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ በዚህ ሙያ ያላችሁ፣ አንድ ፕሮግራም አልከፈት ሲላችሁ አታጥፉት። ስሙን ጽፋችሁ ጥሩት፤ የጻፈውን እስከ መጨረሻው መሥመር አንብቡ፤ ቀኑን ዓመቱን ጭምር እዩ። ሽማግሌ ሲናገርም ጭራው እስኪመጣ ጠብቁ። እኔ ማስታወቂያዬን አውርጃለሁ፤ ፎርማትም ሳልጠየቅ አላደርግም። ይህ ሁሉ ለእናትነሽ ምንም አልፈየደላትም። ዛሬም ማንኩሳ ናት፤ ሰው እስኪያነብላት ትጠብቃለች።

ይህን የጻፍኩት ፊት ለፊት መናገር ስላቃተኝ ነው። ብጽፈው ይወጣልኛል፣ አንድ ቀንም ይደርሳታል ብዬ ነበር። ጽፌ ልጨርስ ስል ነው የገባኝ። እናንተ አንብባችሁታል። እሷ ልታነበው አትችልም፤ ያነብላት የነበረውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።